ከታጅ ማሃል ይልቅ በሩን ያንኳኩ፦ ስለ ሙጋል የመንገድ ዳር ማደሪያዎች

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ለማስተርስ ትምህርት ወደ ዴልሂ ልሄድ ነው። ስለ ሙጋል ሕንፃ ባነበብኩ ቁጥር የሚገጥመኝ ታጅ ማሃልና የነገሥታት መቃብር ነው። በየመንገዱ ዳር ለመንገደኛ የሚሆን ማደሪያ ይሠሩ እንደነበር ሰምቻለሁ። ምን ይመስሉ ነበር? ወጪያቸውን ማን ይችል ነበር? እንደ ሕንፃስ የሚታይ ነገር አላቸው ወይስ ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ናቸው?»

የመጨረሻውን ላስቀድም። የሚታይ ነገር አላቸው፤ ያውም ብዙ። ስለ ሙጋሎች፣ ማለትም በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን ሰሜን ህንድን ስለ ገዙት ሙስሊም ነገሥታት ሕንፃ አስተምር ብባል ከታጅ ማሃል አልጀምርም። ከሰራይ፣ ከዚያ እርስዎ ከጠየቁት የመንገድ ዳር ማደሪያ ነው የምጀምረው። ታጅ ማሃልን አንድ ንጉሥ ለሟች ሚስቱ ሠራው። ሰራይ ግን ግዛቱ በየቀኑ የሚኖርበት ሕንፃ ነበር። ንጉሡን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሲራራ ነጋዴ፣ ሐጃጅ፣ ደብዳቤ አድራሽ፣ የሙጋል መንግሥት መኖሩን የሚያውቀው ማታ በሰራዩ በር ሲገባ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን በሰፊው የጀመረው የሙጋሎች ጠላት መሆኑ ይገርማል። ሼር ሻህ ሱር የአፍጋን ዘር ያለው የጦር ሰው ነበር። በ1540 የሙጋሉን ንጉሥ ሁማዩንን አባርሮ ዙፋኑን ያዘ። የነገሠው አምስት ዓመት ብቻ ነው፤ በ1545 ሞተ። በዚያች አጭር ጊዜ ግን ከቤንጋል እስከ ኢንዱስ ወንዝ የሚዘልቀውን ጥንታዊ መንገድ አስጠገነ። ከዳርና ዳር ዛፍ አስተከለ። በየሁለት ኮስ ርቀት አንድ ሰራይ እንዲሠራ አዘዘ። ኮስ የዚያ አገር የመንገድ መለኪያ ነው፤ ከሦስት ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በሁማዩን ልጅ በአክባር ዘመን የሼር ሻህን ታሪክ የጻፈው አባስ ሳርዋኒ የሰራዮቹን ቁጥር 1,700 ያደርሰዋል። ቁጥሩን እንደ ዜና መዋዕል ቁጥር ይውሰዱት። አሠራሩን የገለጸበት ክፍል ግን ከቁጥሩ በላይ ዋጋ አለው።

በየሰራዩ ለሙስሊምና ለሂንዱ የተለያየ ማደሪያ ነበር። ለሂንዱ መንገደኞች ብራህማኖች፣ ማለትም የሂንዱ የካህናት ወገን ሰዎች፣ ተመድበው ነበር። ሙቅና ቀዝቃዛ ውኃ ያቀርባሉ፣ አልጋ ያነጥፋሉ፣ ምግብ ያበስላሉ፣ ለፈረሱም እህል ይሰጣሉ። ብራህማን የተመረጠው በምክንያት ነው። ብራህማን ያበሰለውን ማንም ሂንዱ ሳይጸየፍ ይበላል። በእኛ አገር የክርስቲያን ሥጋና የሙስሊም ሥጋ ተለይቶ እንደሚሸጠው ማለት ነው፤ ይህን ያልተረዳ ገዢ ሁሉንም መንገደኛ በአንድ ጣሪያ ሥር ማሳደር አይችልም። በግቢው መካከል ከተተኮሰ ጡብ የተሠራ የውኃ ጉድጓድና መስጊድ አለ። ኢማም አለ፣ ሙአዚን አለ፣ ዘበኛ አለ። ደሞዛቸው በዙሪያው ካለው መሬት ገቢ ይከፈላል። በእያንዳንዱ ሰራይ ደግሞ ሁለት ፈረሶች ዝግጁ ሆነው ይቆማሉ። ወሬ የሚያደርስ ሰው አንዱን ፈረስ ትቶ ሌላውን ይዞ ይነሳል። በየሁለት ኮሱ ሰራይ ያስፈለገውም ለዚህ ይመስለኛል። የጭነት ከብት የሚነዳ ሲራራ በቀን ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ነው፤ ለእሱ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል መቀራረብ አያስፈልግም ነበር። ለፈረሰኛው መልእክተኛ ግን ያስፈልጋል።

ሙጋሎች በ1555 ሲመለሱ የጠላታቸውን ሥራ አላፈረሱም። ቀጠሉበት። አክባር ከአግራ ወደ አጅሜር የሚወስደውን መንገድ አሳመረ። በዚያ መንገድ ወደ ሱፊው ወልይ ኽዋጃ ሙዒኑዲን ቺሽቲ መቃብር እየሄደ ይሳለም ነበርና። የአክባር ልጅ ጃሃንጊር በ1605 ሲነግሥ አሥራ ሁለት አዋጆች አወጣ። ከነዚህ አንዱ ስለ ሰራይ ነው። ሌባና ሽፍታ የሚበዛበት፣ ከሰው መኖሪያ የራቀ መንገድ ካለ፣ የአካባቢው ባለ ርስት ሹም እዚያ ሰራይና መስጊድ ይሥራ፣ ጉድጓድም ያስቆፍር ይላል። ምክንያቱንም ይናገራል፦ ሰው እዚያ ሰፍሮ አገሩ እንዲቀና።

ይህን አዋጅ ደጋግመው ቢያስቡበት ደስ ይለኛል፤ ስለ ሰራይ ያለኝ አስተያየት ሁሉ የተመሠረተው እዚህ ላይ ነው። ሰራይ የሚሠራው ከተማ ስላለ ሳይሆን ከተማ እንዲኖር ነበር። ሽፍታ ያለበትን ጫካ ወታደር ልኮ ማጽዳት ይቻላል፤ ወታደሩ ሲመለስ ሽፍታውም ይመለሳል። ጉድጓድ ከተቆፈረ፣ በር ከተሠራ፣ መንገደኛ ማደር ከጀመረ ግን ዳቦ ጋጋሪ ይመጣል። ከዳቦ ጋጋሪው ጋር ድርቆሽ ሻጩ፣ ባለ ጫማው፣ ፈረስ ጫማ የሚመታው ይከተላል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሽፍታው መደበቂያ የለውም። በሰሜን ህንድ ካርታ ላይ «ሰራይ» የሚል ስም ያላቸውን ከተሞችና ሰፈሮች ቢቆጥሩ የዚህን አሠራር ውጤት ያያሉ። እርስዎ ዴልሂ ሲደርሱ ቤት ኪራይ የሚፈልጉባቸው ቤር ሰራይና ካትዋሪያ ሰራይ፣ ታካሚዎች የሚያድሩበት ዩሱፍ ሰራይ ሁሉ የድሮ ሰራዮችን ስም ይዘው የቀሩ ናቸው።

ጃሃንጊር በ1619 ሌላ ትእዛዝ ጨመረ። ከአግራ እስከ ላሆር በየኮሱ የርቀት ምልክት ግንብ፣ በየሦስት ኮሱ ደግሞ የውኃ ጉድጓድ እንዲሠራ አዘዘ። ግንቦቹ ኮስ ሚናር ይባላሉ። ቁመታቸው 9 ሜትር ገደማ ነው፤ ከታች ስምንት ማዕዘን፣ ከላይ እየቀጠኑ የሚሄዱ ድፍን የጡብ ዓምዶች ናቸው። መንገደኛው ከአንዱ ሥር ቆሞ ቀጣዩን ከሩቅ ያያል። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ መንገድ ላይ መሳሳት የለም። ብዙዎቹ ዛሬም በሃርያናና በፑንጃብ ማሳዎች መካከል ብቻቸውን ቆመዋል።

አሁን ወደ ሕንፃው እንግባ። የሙጋል ሰራይ በመሠረቱ አራት ማዕዘን ግቢ ነው። ዙሪያውን ረጅም ግንብ ያጥረዋል። በየማዕዘኑ ስምንት ጎን ያለው ክብ መሳይ ማማ አለ። ከውጭ ሲያዩት ምሽግ ነው የሚመስለው፤ መስኮት አይታይበትም። ሁለት በሮች ትይዩ ሆነው ይቆማሉ፤ አንዱ ወደ አግራ ቢያይ ሌላው ወደ ላሆር ያያል። ዋናው መንገድ በሰራዩ ሆድ ውስጥ የሚያልፍበትም ጊዜ አለ። የበሩ ቅስት ከፍ ያለ ነው። ጭነት የተሸከመ ግመል፣ ላዩ ላይ ሰው የተቀመጠበት ዝሆን፣ ጎንበስ ሳይል ማለፍ አለበት። ከበሩ በላይ ባለው ፎቅ ትልልቅ ሰዎች የሚያድሩባቸው ክፍሎች ይገኛሉ።

ወደ ውስጥ ሲገቡ ሰፊ ግቢ ነው። በአራቱም ጎን አንድ ዓይነት ትንንሽ ክፍሎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ክፍል በስፋት ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ቢሆን ነው። ከፊቱ ትንሽ በረንዳ አለው። ወለሉ ከግቢው ከፍ ብሎ ተሠርቷል፤ ዝናብና የከብት ቆሻሻ እንዳይገባ። ከብቶቹ ግቢው ላይ ይታሰራሉ፤ ባለቤታቸው ከበረንዳው ሆኖ እያያቸው ይተኛል። አንዱ ክፍል ውስጥ ቆመው ቀና ቢሉ ጣሪያው ትንሽ ጉልላት ነው። የኋላው ግድግዳ በጣም ወፍራም ነው። ግድግዳው ላይ ኩራዝ የሚቀመጥባቸው ትንንሽ ጉድጓድ መሳይ መደርደሪያዎች አሉ። ሌላ ዕቃ የለም። ምንጣፉን፣ ብርድ ልብሱን፣ ድስቱን መንገደኛው ራሱ ይዞ ይመጣል።

የዚህ ክፍል ብልሃት የሚገባው በግንቦት ወር ፑንጃብ ለሄደ ሰው ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ወፍራሙ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ሙቀቱን ወደ ውስጥ አያሳልፍም። በረንዳው ፀሐይ ወደ በሩ እንዳይደርስ ይከለክላል። ጉልላቱ ደግሞ ሞቃቱ አየር ከሰውየው ራስ በላይ እንዲሰበሰብ ቦታ ይሰጠዋል። የተሠራበት ጡብ ቀጭንና ትንሽ ነው፤ በአንድ እጅ ሊያነሱት ይችላሉ። ትንሽ ጡብ ለቅስትና ለጉልላት ይመቻል፤ ግንበኛው ያለ ብዙ እንጨት ድጋፍ እያጎበጠ ይደረድረዋል። ማያያዣው ኖራ ነው፤ የተፈጨ ጡብ ይቀላቀልበታል። የጎንደርን ግቢ ያየ ሰው ኖራ ስንት ዘመን እንደሚሸከም አይጠፋውም። የተፈጨ ጡብ ሲጨመርበት ደግሞ እርጥበትን ይበልጥ ይችላል። በ1630ዎቹ አግራን ያየው እንግሊዛዊው ነጋዴ ፒተር መንዲ በያሙና ወንዝ ማዶ ስላለው የጃሃንጊር ሚስት የንግሥት ኑር ጃሃን ሰራይ ሲጽፍ የገረመው አሠራሩ ነው። ሁሉም ከድንጋይ ነው፤ አንድ ቁራጭ እንጨት የለበትም፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ጉልላት አለው ይላል። 500 ፈረስና ከ2 እስከ 3 ሺህ ሰው በምቾት ይይዛል ሲልም ይጨምራል። እንጨት አለመኖሩ ብልህነት ነው። በየበረንዳው ማታ ማታ እሳት ይነዳል፤ በየጎተራው ድርቆሽ አለ። አንድ ፍንጣሪ ሙሉ ሰራይ ሊያነድ ይችል ነበር።

ሌሊቱን በደንብ የጻፈልን የቬኒስ ሰው ኒኮላዎ ማኑቺ ነው። በ1650ዎቹ በልጅነቱ ህንድ ገብቶ ዕድሜውን እዚያው ጨረሰ። አንድ ሰራይ ከ800 እስከ 1,000 ሰው ከፈረሱ፣ ከግመሉና ከጋሪው ጋር ይይዛል ይላል። ወታደር አይገባም፤ ሰራይ የመንገደኛ ነው። ፀሐይ ስትገባ ሹሙ በሩን ይዘጋል። ከዘጋ በኋላ በከፍተኛ ድምፅ ይለፍፋል። ሁሉም ንብረቱን ይጠብቅ፤ ፈረሱን የፊትም የኋላም እግሩን ይሰር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሻ ይጠንቀቅ ይላል፤ የህንድ ውሻ አደገኛ ሌባ ነውና። ጠዋት በ12 ሰዓት በሩ ከመከፈቱ በፊት ዘበኛው ሦስት ጊዜ ይጮኻል፦ ዕቃችሁን እዩ! በዚህ መሃል አንድ ሰው «ጠፋብኝ» ካለ በሩ አይከፈትም። የጠፋው እስኪገኝ ድረስ ሺው ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ሌባው ከተያዘ ከሰራዩ ፊት ለፊት ይሰቀላል። ስለዚህ ሌቦቹ ጩኸት ሲሰሙ የሰረቁትን አንድ ጥግ ጥለው ዝም ይላሉ።

አሁን ያንን መስኮት የሌለው ግንብና ያንን ትልቅ በር መልሰው ያስቡት። የሰራይ ሥነ ሕንፃ በሙሉ ለዚህች አንዲት የጠዋት ሰዓት የተሠራ ነው ብል አላጋነንኩም። መውጫው በር ብቻ ስለሆነ ንብረት ሊጠፋ አይችልም። ጥቂት ዘበኞች ሺህ ሰው መጠበቅ የቻሉት በሕንፃው ጉልበት ነው።

ሁሉም ሰው ግን ሰራይን አላደነቀም። ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንሷ በርኒየ ከባድ ቅሬታ ጽፏል። በሰራይ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ሰው ከፈረስ፣ ከበቅሎና ከግመል ጋር ተደባልቆ ያድራል። በበጋ ያፍናል፤ በክረምት ደግሞ ሰው በብርድ የማይሞተው የከብቱ ትንፋሽ ስላለ ብቻ ነው ይላል። ልብ ይበሉ፣ በርኒየ ሐኪም ነው፤ ንጽሕና ያሳስበዋል። የእሱ ነገር ለእኛም ቅርብ ነው። መጀመሪያ ሊሄድ ያሰበው ወደ ጎንደር ነበር። ቀይ ባሕር ከደረሰ በኋላ ግን ኢየሱሳውያን ከተባረሩ ወዲህ አገሩ ለካቶሊክ እንደማይመች ነገሩት። ሐሳቡን ቀይሮ ከሞካ በመርከብ ወደ ሱራት ተሻገረ። ባይነግሩት ኖሮ ስለ ዐፄ ፋሲል ግቢ እንጂ ስለ ሰራይ አናነብም ነበር።

ወጪውን ማን ይችል ነበር ላሉት፣ መልሱ እንደ ዘመኑ ይለያያል። በሼር ሻህ ጊዜ መንግሥት ነው። በጃሃንጊር አዋጅ ደግሞ የአካባቢው ሹም ነው። ከዚያ በኋላ እየበዛ የመጣው ባለጸጎችና የቤተ መንግሥት ሴቶች ለነፍሳቸው ሲሉ ያሠሯቸው ናቸው። ለመንገደኛ ውኃና ጥላ መስጠት በእስልምና ትልቅ ምጽዋት ነው። ሠሪው ሱቆችን ወይም መሬትን ወቅፍ (ለበጎ ሥራ ለዘለቄታው የተሰጠ ንብረት) አድርጎ ይተውና ከኪራዩ ጥገናው ይሸፈናል። መንገደኛው ራሱ የሚከፍለው ትንሽ ነው። ቤተሰቦቻቸውን ይዘው በሰራዩ ውስጥ የሚኖሩ አስተናጋጆች ነበሩ፤ ወንዱም ሴቱም ይሠራል። በገመድ የተጠለፈ አልጋ ያቀርባሉ፣ ያበስላሉ፣ ክፍል ይጠርጋሉ። ለዚያ ጥቂት ሳንቲም ይቀበላሉ።

ከቤተ መንግሥት ሴቶች ማንም ኑር ጃሃንን አይወዳደራትም። በፑንጃብ ጃላንደር አቅራቢያ ኑርማሃል የምትባል ከተማ አለች። ስሟም ከተማነቷም ከንግሥቲቱ ሰራይ የመጣ ነው። ሰራዩ የተሠራው ከ1618 እስከ 1621 ባለው ጊዜ ነው። ሲጠናቀቅ ጃሃንጊር እዚያው አርፎ ንግሥቲቱ ግብዣ አድርጋለታለች። እያንዳንዱ ጎን 170 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በየጎኑ 32 ክፍሎች ነበሩት። የንጉሡ ማረፊያ በደቡብ በኩል ባለ ሦስት ፎቅ ሆኖ ተሠርቶ ነበር።

ሰው የሚሄደው ግን ለምዕራቡ በር ነው። ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ፊቱ በሙሉ በቀይ የአሸዋ ድንጋይ ተለብጧል። ድንጋዩ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ በእያንዳንዱ ውስጥ ቅርጽ ወጥቶበታል። ክንፍ ያላቸው መላእክት አሉ። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ግመል፣ ጣዎስ፣ ፈረሰኛ አለ። የሙስሊም ንግሥት ባሠራችው ሕንፃ ላይ ይህን ያህል ሕያው ፍጡር መቀረጹ ብዙ ሰው ይገርመዋል። የሙጋል ቤተ መንግሥት ግን ሥዕል ወዳድ ነበር፤ ጃሃንጊር ደግሞ ከሁሉም በላይ። በ19ኛው መቶ ዘመን ቦታውን የመረመረው እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ከኒንግሃም ቅርጾቹ ጥልቀት የላቸውም፣ ሥራውም ሻካራ ነው ብሎ ጽፏል። በዚህ አልስማማም። ይህ በር አፍንጫን አስጠግተው የሚያዩት የቤተ መንግሥት ግድግዳ አይደለም። ከግመል ጀርባ ላይ፣ አቧራ ውስጥ፣ እየሄዱ የሚያዩት ነው። ከዚያ ርቀት ዝሆኑ ዝሆን፣ ጣዎሱ ጣዎስ ሆኖ ከታየ ቅርጹ ሥራውን ሠርቷል።

በዚሁ በር ላይ ከቅርጾቹ ይልቅ የምወደው አንድ ጽሑፍ አለ። ገዢው ዘካሪያ ኻን ከመንገደኛ ቀረጥ መቀበልን ከልክሏል ይላል። ከዚያ ይራገማል። ይህን ቀረጥ የሚሰበስብ ሹም ቢነሳ ሚስቶቹ ይፈቱ! ከዚህ በላይ የመንገዱን እውነተኛ ችግር የሚናገር ነገር የለም። መንገደኛውን የሚያስመርረው ሽፍታ ብቻ አልነበረም። በየኬላው እጁን የሚዘረጋ ሹምም ነበር። ገዢው ደብዳቤ ጽፎ መዝገብ ቤት አላስቀመጠም። ማንበብ የሚችል ሁሉ እያነበበ ለማይችለው እንዲነግር በሩ ላይ አስቀረጸው።

ሌላው ልቤን የሚነካው የአማናት ኻን ሰራይ ነው። ከአምሪትሳር በስተደቡብ፣ በድሮው የአግራና የላሆር መንገድ ላይ ይገኛል። አማናት ኻን የሺራዝ ሰው ነው። በታጅ ማሃል በሮችና ግድግዳዎች ላይ የሚያዩትን የቁርኣን ጽሑፍ የነደፈው እሱ ነው። ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ መካከል ስሙን ሕንፃው ላይ እንዲጽፍ የተፈቀደለትም እሱ ነው። ወንድሙ አፍዛል ኻን ታጅ ማሃልን ያሠራው ንጉሥ የሻህ ጃሃን ዋና ሹም ነበር። በ1639 ወንድሙ ሲሞት አማናት ኻን ከቤተ መንግሥት ራቀ። ሀብቱን ያፈሰሰው በመንገድ ዳር ሰራይ ላይ ነው። በ1640 እና በ1641 መካከል ተጠናቀቀ። የበሩን ጽሑፍ በራሱ እጅ ጻፈው። በሮቹ በሰማያዊ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ባለ ቀለም ሸክላ ያጌጡ ነበሩ፤ ግማሹ ረግፏል፣ የቀረው ዛሬም ያበራል። የዓለምን ዝነኛ መቃብር የጻፈ እጅ የመጨረሻውን ጽሑፍ ግመል ነጂ በሚያልፍበት በር ላይ አኖረው። ግቢው ውስጥ ዛሬ መንደር አለ። ሰዎች በድሮዎቹ ክፍሎች ይኖራሉ፤ ትራክተር በበሩ ይገባል ይወጣል። ቅርስ ጠባቂዎች በዚህ ያዝናሉ፤ ጉዳቱ እውነት ነው። እኔ ግን ጃሃንጊር «ሰው እንዲሰፍር» ያለውን ሳስታውስ ነዋሪዎቹን ማስወጣት መፍትሔ ነው ብዬ አላምንም።

ታጅ ማሃልን ካነሳን አይቀር፣ እሱም ያለ ሰራይ አልቆመም። ከመቃብሩ በስተደቡብ፣ ዛሬ ታጅ ጋንጅ የሚባለው የተጨናነቀ ሰፈር፣ በዕቅዱ ውስጥ አራት ሰራዮችና ገበያ ነበር። ሻህ ጃሃን ለመቃብሩ ማስተዳደሪያ በዓመት 300,000 ሩፒ ወሰነ። ከዚህ ውስጥ 100,000 የሚመጣው ከ30 መንደሮች ነው። 200,000 የሚመጣው ከገበያውና ከሰራዮቹ ነበር። ሂሳቡን ይመልከቱ፤ የዕብነበረዱን ጉልላት ሲጠብቅ የኖረው በአመዛኙ የነጋዴ ኪራይ ነው። ቱሪስቱ ሁሉ ታጅ ጋንጅን አቋርጦ ሲያልፍ የሕንፃውን ግማሽ እየረገጠ መሆኑን አያውቅም።

የከተማ ሰራዮች ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። የሻህ ጃሃን ልጅ ልዕልት ጃሃናራ በዴልሂ ቻንድኒ ቾክ ገበያ ባለ ሁለት ፎቅ ሰራይ አሠርታ ነበር። የፋርስና የኡዝቤክ ሀብታም ነጋዴዎች የሚያርፉበት ነው። የመንገዱን ሰራይ ያማረረው በርኒየ ይህን ሲያይ ቃሉ ተለወጠ። ፓሪስ እንዲህ ያለ ሃያ ቢኖራት እንግዳ ሰው ማደሪያ ፍለጋ ባልተንከራተተ ነበር ብሎ ጻፈ። ያሳዝናል፣ ዛሬ የለም። ህንዶች በእንግሊዝ ላይ ካነሱት ከ1857ቱ አመፅ በኋላ እንግሊዞች አፈረሱት። በቦታው የከተማውን አዳራሽ ሠሩበት።

ሱራት ያለው ግን ተርፏል። ሱራት የሙጋሎች ዋና ወደብ ነበረች፤ ወደ መካ የሚሄዱ ሑጃጆች የሚሳፈሩት ከዚያ ነው። በ1644 ለእነሱና ለመንገደኞች ሰራይ ተሠራላቸው። ከ1867 ጀምሮ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ሆኖ ያገለግላል። የኛም ሰዎች በዚህች ከተማ አልፈዋል። ዐፄ ፋሲል ለሻህ ጃሃን ልጅና ወራሽ ለአውራንግዜብ ስጦታ አስይዘው የላኳቸው መልእክተኞች፣ አንዱ ሙራድ የተባለ አርመናዊ፣ ሌላው ሙስሊም ነጋዴ፣ ሱራት ሲደርሱ መከራ ገጠማቸው። የማራታው መሪ ሺቫጂ በጥር 1664 ከተማዋን የዘረፈው በዚያው ወቅት ነው። ከያዙት ብዙው ጠፋ። የቀራቸውን ይዘው ዴልሂ ገቡ። እዚያ ያገኛቸው በርኒየ ካመጧቸው ነገሮች መካከል የሜዳ አህያ ቆዳ አይቶ ተደንቋል። ከሱራት እስከ ዴልሂ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰው በየስንቱ ሰራይ ላይ እንደሚታደር ይገምታል።

የሰራይ ዘመን ያበቃው በባቡር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ሐዲዱ ሲዘረጋ ሲራራው ቀረ፤ ሲራራው ሲቀር ኪራዩ ቀረ፤ ጠጋኝ ጠፋ። ጡቡን የመንደሩ ሰው ለቤቱ ወሰደው።

ዴልሂ ሲደርሱ ርቀው መሄድ የለብዎትም። የሁማዩን መቃብር ግቢ ሲገቡ በስተቀኝ አረብ ሰራይ የሚባለው አለ። የሁማዩን ሚስት ቤጋ ቤጉም በ1560ዎቹ ያሠራችው ነው። በሩ ረጅም ነው፤ ሥሩ ቆመው ቀና ይበሉ። ከመንገዱ ማዶ ሰንደር ነርሰሪ የሚባለው መናፈሻ ጋ አዚምጋንጅ ሰራይ ተጠግኗል። እዚያ ክፍሎቹንና በረንዳዎቹን በረድፍ ያያሉ፤ ከላይ ያወራሁት ሁሉ ይገባዎታል። ትንሽ ወደ ሰሜን ሄደው የእንስሳት ማቆያው ግቢ ውስጥ አንድ ኮስ ሚናር ቆሟል። ከነብርና ከዝሆን መሃል ስለሆነ ጎብኚው ልብ አይለውም። ሰራዩና ሚናሩ እዚያ የተገኙት በአጋጣሚ አይደለም፤ የድሮው የአግራ መንገድ የሚያልፈው በዚያ ነው። በአንድ ቀን ሦስቱንም በእግር ያዳርሳሉ።

ጊዜ ካገኙ ደግሞ በባቡር ጃላንደር ይሂዱና ከዚያ በመኪና ኑርማሃል ይድረሱ። ከሰዓት በኋላ ይሁን። በሩ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ጠዋት ቅርጾቹ ጥላ ውስጥ ናቸው፤ ዝሆኖቹን ከፈረሰኞቹ መለየት አይቻልም።